ፓኒር (የህንድ አይብ) መጥበሻ ላይ ለምን ይፈርሳል?

እህቴ፣ «ፓኒሬ ስጠብሰው ይፈራርሳል» ላልሽው፣ በደንብ ስላልተጫነ ይመስለኛል። ከአሬራ እንደሚወጣው አይባችን አይደለም፤ ፓኒር የሚሠራው ቅባቱ ካልወጣ ወተት ነው።

2 ሊትር ወተት አፍልተሽ እሳቱን አጥፊ። 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በትንሽ በትንሹ ጨምሪና በቀስታ አማስዪ። አጓቱ ጥርት ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሲሆን በቃ፣ ሎሚውን አቁሚ። በስስ ነጭ ጨርቅ አጥልዪው። ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፤ ኮምጣጣነቱ ይሄዳል። ጨርቁን ጠምዝዘሽ ጭመቂና ውሃ የሞላ ድስት ጫኚበት፣ 40 ደቂቃ ያህል። ይቺን እንዳትዘያት! ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪው።

ለወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ግን በደንብ ስለማይረጋ ትኩስ ወተት ፈልጊ። አጓቱንም አትድፊው፤ ለዳቦ ሊጥ በጣም ጥሩ ነው።