መልስ፦ የፋሲል ግቢ ጥንድ ፎቶ እውነተኛ ነው?
ፒያሳ ላይ ለሽያጭ የቀረበልህ የፋሲል ግቢ ጥንድ ፎቶ ትክክለኛ መሆኑን እንዴት እንደምትለይ ጠይቀሃል። ጥንድ ፎቶ ማለት በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ፣ ሁለት ሌንስ ባለው መመልከቻ ሲታዩ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል የሚሆኑ ሁለት ፎቶዎች ናቸው። ዋናው ነገር ሁለቱን ምስሎች ማስተያየት ነው። ከፊት ያለ ነገር፣ ዛፍ ወይም ሰው፣ ከኋላው ካለው ግንብ አንጻር በግራና በቀኙ ምስል ላይ ቦታው ትንሽ መለያየት አለበት። ቁርጥ አንድ ከሆኑ አንዱ ፎቶ ሁለቴ ተለጥፏል፤ በመመልከቻው ብታየውም ጥልቀት አይኖረውም። ግንቡ ከዛፉ ፊት የቆመ ከመሰለህ ደግሞ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል።

በአጉሊ መነጽር ሲታይ በረድፍ የተሰደሩ ነጠብጣቦች ካሉት የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ያም አሮጌ ሊሆን ይችላል፣ ግን የፎቶ ዋጋ አትክፈልበት።

ካርዱ ከጎበጠ አትደንግጥ፤ ከ1880 ገደማ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙዎቹ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርተዋል። መጽሐፍ ጭነህ ብታቃናው ገጹ ይሰነጠቃል። ለጎንደር ክረምት በፖሊስተር ፕላስቲክ ከረጢት ከተህ፣ ከግድግዳ አርቀህ አቁመህ አስቀምጠው፤ ፒቪሲ ፕላስቲክ ግን ፎቶ ያበላሻል።