«ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ለምትል ልጅ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ከክፍሏ ልጆች ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ እያለች ታለቅሳለች። አባቷ «ይገዛላት፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የት እንዳለች እናውቃለን» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ትክክለኛው ዕድሜ ስንት ነው?
ግራ የገባት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ ዕድሜ የለም። ለ11 ዓመት ልጅ ግን የእኔ መልስ «ገና ነው» የሚል ነው።

ባለቤትሽ ያነሳው ሐሳብ ተገቢ ነው። ግን እሱ የፈለገው መደዋወል ነው፤ ለዚያ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ልጅሽ የፈለገችው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጓደኞቿ ማታ ማታ የሚጻጻፉበት ግሩፕ ውስጥ መግባት ትፈልጋለች፣ ይሄን ደግሞ እንደ ቅብጠት አትዪው፣ በዚያ ዕድሜ ከጓደኞች ወሬ ውጪ መሆን በጣም ያማል። ስለዚህ «አይሆንም» ብቻ ብለሽ አትተያት። የጓደኞቿን እናቶች አነጋግሪ። «ሁሉም አላቸው» ሲባል ብዙ ጊዜ ሁሉም አይደሉም፣ ሁለት ሦስት ወላጆች አብረን እንቆይ ብትባባሉ ጫናው ይቀልላታል። እስከዚያው በአንቺ ስልክ፣ አጠገብሽ ሆና ትጻፍላቸው።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም። አውስትራሊያማ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ወደ 16 ከፍ አድርጋዋለች። ብዙ ልጆች የትውልድ ዓመታቸውን ዋሽተው ይገባሉ፤ ችግሩ አፑ እንደ ትልቅ ሰው ከቆጠራቸው ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ጥበቃ ላያገኛቸው ይችላል።

ጊዜው ደርሶ ስትገዢላት ስልኩ መኝታ ቤቷ አይደር። ማታ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ የእናንተም አብሮ፣ አለበለዚያ አትሰማችሁም። እንቅልፍ የሚያሳጣው እዚያው ትራስ ሥር ያለ ስልክ ነው። አንድሮይድ ከሆነ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ፣ አይፎን ከሆነ ስክሪን ታይም አለልሽ፤ የምታወርደውን አፕ አንቺ ታጸድቂያለሽ፣ ሰዓትም ትወስኛለሽ። ይሄን ግን ተደብቀሽ አታድርጊው፣ ንገሪያት።

ከሁሉም በላይ የማያውቃት ሰው ፎቶ ላኪልኝ ቢላት ወይም የሚያስፈራ ነገር ብታይ ለአንቺ መምጣት አለባት። ስለነገረችሽ ስልኩን እንደማትነጥቂያት ገና ሳትገዢላት ቃል ግቢላት፤ ይወስዱብኛል ብላ ከፈራች ትደብቅሻለች።