የዳር ኖዶች ጎረቤት ለምን ያንሳቸዋል?

ባሕር ዳር የሚማር አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ጣና ላይ የሚዘረጋ የሴንሰር ኔትወርክ በሲሙሌሽን እየሠራሁ ነው። ጎኑ 1 በሆነ ካሬ ውስጥ 500 ኖድ (የሴንሰር ነጥብ) በዘፈቀደ እበትንና በ0.1 ርቀት ውስጥ ያሉትን አገናኛለሁ። አማካይ ዲግሪው (አንድ ኖድ ያለው የጎረቤት ብዛት) በስሌት 15.7 ነው፤ ሳስኬደው ግን 14.4 አካባቢ ይመጣል። የዲግሪዎቹ ሂስቶግራምም ከፖይሰን (በዘፈቀደ ሲበተን ከሚጠበቀው የቆጠራ ስርጭት) ወደ ግራ ያዘነብላል። ኮዴ የቱ ጋ ተበላሸ?»

ኮድህ ደህና ይመስለኛል። ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው።

15.7 ያገኘኸው በኖዱ ዙሪያ ያለውን የ0.1 ራዲየስ ክብ ስፋት በ499 (በሌሎቹ ኖዶች ብዛት) አባዝተህ ነው። ያ የሚሠራው የኖዱ ክብ ሙሉ በሙሉ ካሬው ውስጥ ሲያርፍ ነው። ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ኖድ ግማሽ ክቡ ውጭ ይቀራል፤ 8 ያህል ጎረቤት ቢያገኝ ነው። ጥግ ላይ ከሆነ 4 ገደማ። ከጠርዙ በ0.1 ውስጥ ያለው ቦታ ደግሞ የካሬው 36 በመቶ ነው፤ ቀላል አይደለም። ርቀቱን «ር» እንበለው። ካሬው ውስጥ ለሚቀረው አማካይ የክብ ስፋት ትክክለኛው ቀመር ፓይ×ር² − (8/3)×ር³ + (1/2)×ር⁴ ነው። በ499 አባዛው፤ 14.37 ይመጣል። ያው ያንተ ቁጥር ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ካሬውን ጠቅልለው፤ በቀኝ የወጣ በግራ ይግባ፣ ከላይ የወጣ ከታች። የአግድም ልዩነቱን ያለ ምልክቱ ያዝ፤ ከግማሽ ከበለጠ ከ1 ቀንሰው። ለቁመቱም እንዲሁ። አሁን አማካዩ 15.7፣ ቫሪያንሱ (ዲግሪዎቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መለኪያ) 15.2 አካባቢ መሆን አለበት። አማካዩ 16.7 ከሆነ ኖዱ ራሱን ጎረቤት አድርጎ ቆጥሯል ማለት ነው፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ አስኪደህም አትፍረድ። የተቀራረቡ ኖዶች ጎረቤት ስለሚጋሩ ዲግሪያቸው አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲዱን (የዘፈቀደ ቁጥሮቹን መነሻ) እየቀያየርክ ደጋግመው።

የመጨረሻ ውጤትህን ግን ከተጠቀለለው ካሬ እንዳታወጣ። በጎርጎራ ወጥቶ በባሕር ዳር የሚገባ ሲግናል የለም! ጣና ዳርቻ አለው፣ ውስጡም ደቅን የመሰሉ ደሴቶች አሉ። የሐይቁን ቅርጽ አስገባና ኖዶቹን ውሃው ላይ ብቻ በትን። ስሌቱን ለሐይቁ ስፋት ማካፈልም አትርሳ፤ ካሬህ ስፋቱ 1 ስለነበር አልታየህም። ከዚያ ሂስቶግራሙን ለሁለት ክፈለው፦ ከየብስ ከ«ር» በላይ የራቁትን ለብቻ፣ የቀረቡትን ለብቻ። የመጀመሪያው ፖይሰንን ይመስላል፤ ወደ ግራ የሚጎትተው ሁለተኛው ነው። አማካሪህ «ፖይሰኑ የታል?» ካለህ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየው።