የኮዲንግ ቻናል ከጎንደር፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ለሶፍትዌር ሠሪዎች የሚሆን የቪዲዮ ቻናል ስለመክፈት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ግማሹ ጥያቄ ስለ ካሜራ ነው የመጣው። ካሜራ አያስፈልጋችሁም፣ የሚታየው ስክሪናችሁ ነው። ይሄን በዚህ ዘግተን ወደ ሌላው እንሂድ።

ጥ፦ በአማርኛ ልሥራ ወይስ በእንግሊዝኛ? በእንግሊዝኛ ከሆነ ተመልካቹ መላው ዓለም ነው እኮ።

መ፦ ተፎካካሪውም መላው ዓለም ነዋ። ሪአክት (የዌብሳይት ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ኮድ ስብስብ) ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ያላስረዳ ሰው የለም። እኛ ጋ ግን ማንም ያልነካው ርዕስ ሞልቷል። ፒያሳ ላለ ፋርማሲ የደንበኛ መዝገብ ሠራህ እንበል። ጠዋት የገባችው ልጅ «ኃይሉ» ብላ መዘገበች፣ ማታ ተረኛው «ሃይሉ» ብሎ ፈለገ፣ ሲስተሙ የለም አለ። ለምን? ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። ስለዚህ ከመፈለግህ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ታመጣለህ፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው። ይሄን በአጭር ቪዲዮ ብታሳይ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያለው ሠሪ ይፈልግሃል። የቀን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው። ሰው ቀን የሚቀይር ኮድ በእጁ ይጽፍና ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመት ሲመጣ ይበላሽበታል፤ ጃቫስክሪፕት ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር አብሮት ይዞ ነው የሚመጣው። ይሄን የሚያውቀው ስንቱ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፦ ንግግሩ አማርኛ ይሁን፣ ቃላቱን ግን እንደምናወራው ተዋቸው። ፈንክሽን ፈንክሽን ነው፣ አማርኛ ካልፈጠርኩለት አትበል።

ጥ፦ መብራት እንደዚህ እየሄደ እንዴት ነው የምትቀዳው?

መ፦ ይሄ የኛ ጥያቄ ነው። ኦቢኤስ የሚባለውን ስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ተጠቀም፣ ነፃ ነው። ሴቲንግ ግባና የሚቀዳበትን የፋይል ዓይነት ኤምኬቪ አድርገው። ተራው ኤምፒ4 ሲቀዳ በትክክል ካልተዘጋ ፋይሉ አይከፈትም፤ ኤምኬቪ ግን መሀል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፍልሃል። ሲያልቅ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 ትቀይረዋለህ፣ ጥራቱ አይቀንስም። ፍሬሙን (በሰከንድ የሚቀዳውን የምስል ብዛት) 30 አድርገው፣ ለኮድ 60 ትርፍ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስትጭን ከተቋረጠብህም አትደንግጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ ፋይል መልሰህ ብትመርጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ግን ምንም ብልሃት የለውም። ሞባይል ዳታ አጥተን ለወራት የቆየንበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲኖር ሁለት ሦስት ቪዲዮ ቀድማችሁ ጫኑና ቀን ቆርጣችሁ አስቀምጡት፣ ዩቲዩብ በቀኑ ራሱ ይለቀዋል።

ጥ፦ ማይክስ? ቤቴ አዘዞ መንገድ ዳር ነው፣ ባጃጁ አያስቀዳም።

መ፦ የስልክ ኢርፎን ማይክ ለመጀመር ይበቃል። ዋናው ክፍሉ ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል፤ ከፊትህና ከኋላህ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ስቀል፣ ልዩነቱን ትሰማዋለህ። ለባጃጁ መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ማታ ረጭ ሲል ቅዳ፣ ውሻውን ቻለው።

ጥ፦ ሰብስክራይበሬ አላድግ አለ። ምን ላድርግ?

መ፦ ዩቲዩብ ስቱዲዮ (ቻናልህን የምታስተዳድርበት ገጽ) ውስጥ ሰው የት ጋ ጥሎህ እንደሚሄድ የሚያሳየውን ግራፍ አየኸው? ሰላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ከወረደ ችግሩ መግቢያህ ነው። «እንኳን ወደ ቻናሌ በሰላም መጣችሁ፣ ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር» እያልክ ሰውየውን ታስጠብቀዋለህ። እሱ እኮ ኮዱ አልሠራለት ብሎ ተናዶ ነው የመጣው! መጀመሪያ ያለቀውን ነገር ሲሠራ አሳየው። ርዕስህ ላይ ደግሞ የስሕተቱን መልእክት እንዳለ አስገባ፣ ምክንያቱም ሰው ቀይ ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ነው የሚፈልገው። ረዘም ላለ ቪዲዮ ምዕራፍ አድርግለት፤ መግለጫው ላይ ከ0:00 ጀምረህ ክፍሎቹ የሚጀምሩባቸውን ቢያንስ ሦስት የደቂቃ ምልክቶች ጻፍ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ10 ሰከንድ አይነስ። ፊደሉንም አተልቀው። ብዙው ሰው በስልክ ነው የሚያይህ፣ ያንን ደቃቃ ኮድ ማን ያነበዋል?

ጥ፦ ብር አለው ወይ?

መ፦ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይጠየቃል፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮ) ዕይታ። ክፍያው ደግሞ 100 ዶላር ሳይሞላ አይወጣም። ፕሮግራሙ በአገር የተገደበ ስለሆነ ዝርዝሩን ከዩቲዩብ የእርዳታ ገጽ ላይ ራሳችሁ እዩ፣ ሰው ነገረኝ ብላችሁ አትጀምሩ። በኔ ግምት ለኛ ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ቪዲዮህን ያየ ሰው ሥራ ይሰጥሃል። ሲቪህን ሳይሆን ስትሠራ ነው ያየህ።

ጥ፦ ሴት ነኝ፣ ፊቴን ማሳየት አልፈልግም። ኮሜንቱም ያስፈራኛል።

መ፦ አታሳዪ እህቴ፣ ድምፅሽና ስክሪንሽ በቂ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የምትከለክያቸውን ቃላት ማስገባት ትችያለሽ፣ ኮሜንቱንም አንቺ ሳታዪው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። ከመጀመሪያው ቪዲዮ በፊት አስተካክይው።

ጥ፦ የአይሲቲ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። ይሄ የልጆች ነገር አይሆንም?

መ፦ ጋሼ፣ እርስዎማ ይቀድሙናል። ተማሪ የት ላይ እንደሚደናገር ለዓመታት አይተዋል፣ እኛ እሱን ነው የምንገምተው። ክፍል ውስጥ ሦስቴ የተጠየቁትን ነገር ይቅዱት፣ በቃ።

ጥ፦ እየቀዳሁ ኮዱ እምቢ ሲለኝ ቆርጬ ላውጣው?

መ፦ አትቁረጠው። ስሕተቱን እንዴት እንደፈታኸው ነው የሚጠቅመው፣ የሚቆረጠው ዝም ብለህ የተቀመጥክበት ብቻ ነው። ግን ሚስጥራዊ ቁልፎች የምታስቀምጥበት የዶት ኢንቭ ፋይልህ ስክሪን ላይ ተከፍቶ የኤፒአይ ቁልፍህ (ፕሮግራምህ ሌላ አገልግሎት የሚጠቀምበት የይለፍ ቃል) ታይቶ ከሆነ ቁረጥ። ቪዲዮው ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ማደብዘዙ ላይ አትተማመን፣ ቁልፉን አሁኑኑ ቀይረው።