«ኤቭሪዋን» ብዬ «ዜር» ማለቴ ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ለባልደረቦቼ «ኤቭሪዋን ኒድስ ዜር ባጅ» (ሁሉም ሰው ባጁ ያስፈልገዋል) ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ኒድስ ነጠላ ከሆነ ዜር አይሄድም» ብላ አረመችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልክ ነሽ። «ኤቭሪዋን» ሁሉንም ሰው ቢያቅፍም ግሱ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ «ኒድስ»። «ዜር» በተለምዶ «የእነሱ» ማለት ቢሆንም እዚህ ጾታው ላልተለየ አንድ ሰው ነው የቆመው። አዲስ ፋሽን እንዳይመስልሽ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ይገኛል። እኛ ትምህርት ቤት በ«ዜር» ፈንታ «ሂዝ (የእሱ) በሉ» ተብለን ተማርን። እኔም ተማሪዎቼን ለዓመታት እንዲያ አርሜያለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ 7ኛ እትም አጠቃቀሙን ይደግፋል። ለአለቃሽ እሱን አሳያት።

ደግሞ በእኛስ «አባባ መጡ» እንል የለ? የመጡት አንድ ሰው ናቸው፣ ግሱ ግን የብዙ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። «ዘይ» (እነሱ) ለአንድ ሰው ሲሆንም ግሱ «አር» ነው። «ሰምዋን ኮልድ፤ ዘይ አር ዌይቲንግ» (አንድ ሰው ደውሏል፤ እየጠበቀ ነው) በዪ። «ዘይ ኢዝ» አይባልም።