የ180 ዶላሩ ጽዳት

ጥያቄ፦ ለልጄ ምረቃ ቨርጂኒያ ቢች ቤት ልከራይ ስል ዋጋው ለአንድ ሌሊት 140 ዶላር ይል ነበር። የሁለት ሌሊት ልከፍል ስል ለጽዳት 180፣ ለአገልግሎት 65 ዶላር ተጨመረብኝ። ይህ ይፈቀዳል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ እንዲህ ባለ የአጭር ጊዜ ማረፊያ ኪራይ ላይ ግዴታ የሆነ ክፍያ ሁሉ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ ቤቱ ከመነሻው 525 ዶላር ተብሎ መታየት ነበረበት። የመንግሥት ግብር ኋላ ሊደመር ይችላል፤ እሱም ቢሆን ከመክፈልዎ በፊት ይነገርዎታል።

ደንቡ ግን የጽዳቱን ዋጋ አይቀንስም። አንሶላውን ራሴ ገፍፌ፣ ቆሻሻውን አውጥቼ 180 ዶላር መክፈል እኔንም ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው ዋጋና የመጨረሻው ሂሳብ የታዩባቸውን ገጾች ፎቶ ያንሱና ለኮሚሽኑ አቤት ይበሉ።