የአያቴ አልቤርጎ ግድግዳ ልስኑን ለምን ይጥላል?

ጥያቄ፦ «ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር አያቴ ያወረሰችኝ አሮጌ አልቤርጎ አለ። ሰው ሁሉ ‹የጣሊያን ቤት› ይለዋል። አምና የመንገድ ፊቱን በሲሚንቶ አስለስኜ ቀለም አስቀባሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ አብጦ ረገፈ፣ ሥሩም ነጭ ዱቄት አወጣ። አንድ ግንበኛ ‹አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው› አለኝ። ፎቶ ልኬልሃለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ አታፍርሺው። የተበላሸው ልስኑ እንጂ ግድግዳው አይደለም።

ወሎ ውስጥ ድንጋይ የሆነ ቤት ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል። እርግጥ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በደሴ በኩል አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ ጣሊያን ሠርቷል፤ ካሚዮን ሲመላለስ ለሹፌርና ለረዳት ማደሪያ ተፈለገ። ያንቺን ቤት ግን የአገር ግንበኛ የሠራው ይመስለኛል። የበሩ ጉበን ወፍራም የጽድ እንጨት ነው፤ ልስኑ በረገፈበትም በድንጋዮቹ መሃል ጭቃ እንጂ ኖራ አይታይም። አሠራሩ ደግሞ ብልህ ነው፦ ክፍሎቹ ተደርድረው በራቸው ወደ ግቢው በረንዳ ይከፈታል፣ የግቢው በር ለጭነት ሰፍቷል፣ በመንገዱ በኩል ያሉት መስኮቶች ጠባብ ናቸው። አቧራና ሌባ የሚመጣው ከዚያ ነዋ!

በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ከመሬት ርጥበት ይስባል፤ ድሮም ይስብ ነበር። ያኔ ግን የጭቃ ምርጉ ወይም የኖራ ልስኑ ስለሚያስተነፍሰው በጋ ሲመጣ ይደርቃል። ሲሚንቶና ፕላስቲክ ቀለም መውጫውን ዘጉበት። ውሃው ጨው ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ጨው ከልስኑ ጀርባ ሲደርቅ እየገፋ ያስረግፈዋል። ነጩ ዱቄትሽ እሱ ነው።

ልስን ከመንካትሽ በፊት ውሃውን ፈልጊ። አስፋልት በላዩ ላይ በተደረበ ቁጥር መንገዱ ከፍ ይላል። ቀጥ ያለ ጣውላ ከደጃፍሽ ወደ መንገዱ ዘርጊና ውሃ ልክ አስቀምጪበት፤ ወለልሽ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጎርፉ የሚያርፈው መሠረትሽ ላይ ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ተዳፋቱ የሚወርድ ቦይ አስቆፍሪ፤ ቦታው የመንገድ ክልል ስለሆነ አስቀድመሽ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቂ። መሠረቱ ሥር ግን ማንም እንዳይቆፍር! ግድግዳው ጥግ የተለጠፈውን ሊሾ አንስተሽ ጠጠር አልብሺው፣ የጣሪያውንም ውሃ በአሸንዳ ሰብስቢ።

ከዚያ ሲሚንቶው በመሮና በመዶሻ፣ ቀስ ተብሎ፣ ርጥበቱ ከደረሰበት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይነሳ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አይሆንም፣ ጭቃውን ያራግፈዋል። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፤ በውሃ ካጠብሽው ተመልሶ ይገባል። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ጭቃ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ፋቂው፣ ልስኑ የሚይዘው እዚያ ነው። ጎድጓዳውን በጭድ ጭቃና በትንንሽ ድንጋይ ሙዪው።

ልስኑ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ነው። ጥሬ ኖራ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካው፣ ከገዛሽ ሁልጊዜ ኖራውን ውሃ ውስጥ ጨምሪ እንጂ ውሃ በኖራው ላይ እንዳታፈሺ፤ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ግድግዳውን ትንሽ አርጥበሽ በስሱ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ ደረብ ደረብ አድርገሽ አስለስኚ፤ ፀሐይ እንዳያገኘው እርጥብ ጆንያ ጋርጂበት። ግንበኛው «እንዲጠነክር ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግ» ማለቱ አይቀርም። እምቢ በይው። ቀለሙም የኖራ ይሁን።

በልግ ከመግባቱ በፊት መጨረስ ስላለብሽ በጥቅምት ጀምሪ። ልስኑ ከተነሳ በኋላ ቱንቢ ጥለሽ የግድግዳው ሆድ ወጥቶ ካገኘሽው ግን ሥራውን አቁሚና ከጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ያ ከልስን ሌላ ጉዳይ ነው።